ስለ ሁለት አውቶሞቢሎች የሰጠነው ፍርድ

ሰው በሚገባ ባልመረመረው ነገር ላይ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን ይሆናል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን በራሳችን የደረሰውን ለአንባብያን ለመግለጥ ነው። ነገሩ የተነሣው በሁለት አውቶሞቢሎች ምክንያት ነው። አውቶሞቢሎቹ የእኛ አይደሉም፤ ቀርበንም አይተናቸው አናውቅም፤ ዋጋቸውም የደመወዛችንን ልክ ለሚያውቅ ሰው ቢነገር ያስቃል። ነገር ግን ስለ እነርሱ የሰጠነው ፍርድ ከአንድ ልጅ ጋር ሊያቆራርጠን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ከነሒሳቡ ብናቀርበው፣ መምህራንም ተማሪዎችም፣ እንደ እኛ በጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው የሚውሉ የመንግሥት ሠራተኞችም አንድ ነገር ያገኙበት ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ከእኛ ጋር የሚኖር የእኅታችን ልጅ አለ። ዕድሜው 15 ዓመት ሲሆን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቶሞቢል ይወዳል፤ ከመውደዱም የተነሣ ጥያቄው አያልቅም። ማታ ከሥራ ስንመለስ ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ አንድ ጥያቄ ይዞ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። አንዳንድ ቀን ደክሞን «ነገ» እንለዋለን፤ እርሱ ግን ነገ ሲመጣ የትናንቱን ሳይረሳ የዛሬውን ጨምሮ ያቀርብልናል።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተከራክሮ ሁለቱም እየተጋፉ ወደ እኛ ገቡ። ክርክራቸውም እንዲህ ነበር፤ ማክላረን ኤፍ 1 የተባለው የእንግሊዝ አውቶሞቢልና ቡጋቲ ቬይሮን የተባለው የፈረንሳይ አውቶሞቢል ጎን ለጎን ቆመው፣ በቀጥተኛ መንገድ ላይ ባንድ ጊዜ ቢነሡ ቀዳሚው ማን ነው? የጎረቤቱ ልጅ ማክላረን ነው አለ፤ የእኛው ልጅ ቡጋቲ ነው አለ። መያዣ አድርገው ያቆሙትም ኳሳቸውን ነው። ኳሱን ከኪስ ገንዘባቸው ብዙ ሳምንት አጠራቅመው ባንድነት የገዙት ስለሆነ፣ የተረታው ድርሻውን ለረቺው ሊለቅ ተስማሙ።

ዳኛ ሆነን መመረጣችን በጣም ደስ እንዳሰኘን አንደብቅም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ከትምህርቶች ሁሉ አብልጠን ፊዚክስና ሒሳብ እንወድ ነበር፤ መሐንዲስ ለመሆንም ተመኝተን ነበር። ነገር ግን የመጨረሻው ፈተና ውጤታችን ለዚያ የሚያበቃ ስላልሆነ፣ የሠራተኞችን መዝገብ በሚይዝ ክፍል ተቀጠርን፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ 14 ዓመት ሆነን። ከዚያ ከቀረው ምኞት የተረፈችን አንዲት ነገር ብትኖር፣ ልጅ ሲጠይቀን እርሳስ አንሥቶ ማስላት ናት። ስለዚህ ልጆቹን አስቀምጠን፣ የሁለቱን አውቶሞቢሎች ቍጥር እንዲነግሩን አዘዝናቸውና በወረቀት ላይ ሁለት ዐምድ አሰመርን።

በመጀመሪያው ዐምድ ማክላረንን አሰፈርን። ይህ አውቶሞቢል ለሕዝብ የታየው በ1992 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። ንድፉን ያወጣው በደቡብ አፍሪካ በደርባን ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ሥራውን የሠራው ጎርደን መሬይ ነው። ባለ 12 ሲሊንደሩን ሞተር የሠራለት የጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊው ሲሆን፣ ኃይሉ 627 የፈረስ ጉልበት ነው። ክብደቱ ግን 1138 ኪሎ ብቻ ነው። መሬይ ክብደትን እንደ ጠላት ይቈጥር ስለነበረ፣ የማያስፈልግ ነገር አንድም እንዳይገባ ተጠንቅቋል። ሾፌሩን መካከል ላይ አስቀምጦ ሁለቱን መንገደኞች ከግራና ከቀኝ ጥቂት ወደ ኋላ አድርጎአቸዋል። የሞተሩ ክፍል በወርቅ ቅጠል የተለበጠ ነው፤ ይኸውም ለጌጥ ሳይሆን ወርቅ ሙቀትን መልሶ ስለሚጥል ነው። ለመንገድም ለውድድርም የተሠሩት ባንድነት ቢቈጠሩ 106 ናቸው።

በሁለተኛው ዐምድ ቡጋቲን አሰፈርን። የጀርመኑ የቮልክስዋገን ኩባንያ ጥንታዊውን የቡጋቲን ስም በ1998 ከገዛ በኋላ፣ የኩባንያው መሪ የነበረው ፈርዲናንድ ፒየክ ከዚያ በፊት ለመንገድ ያልተሠራ ኃይል ያለው አውቶሞቢል እንዲሠራ አዘዘ። ሥራው ቀላል ስላልነበረ ወደ ገበያ የወጣው በ2005 ነው። ሞተሩ 16 ሲሊንደርና 4 ቱርቦ ያለው ሆኖ 1001 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ሙቀቱንም ለማብረድ 10 ራዲያተር ተሠርቶለታል። ቬይሮን የተባለውም በ1939 በፈረንሳይ አገር የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ካሸነፉት አንዱ በሆነው በፒየር ቬይሮን ስም ነው። ክብደቱ 1888 ኪሎ ነው፤ ከማክላረን በ750 ኪሎ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህን ካሰፈርን በኋላ ክብደቱን ለጉልበቱ አካፈልን። የማክላረን እያንዳንዱ ፈረስ የሚጎትተው 1 ኪሎ ከ815 ግራም ሆነ፤ የቡጋቲው ፈረስ ደግሞ 1 ኪሎ ከ886 ግራም። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ሸክሙ የቀለለለት የማክላረን ፈረስ ነው። እርሳሱን አስቀምጠን ተደላድለን ተቀመጥንና ማክላረን ይቀድማል ብለን ፈረድን።

የጎረቤቱ ልጅ ከደስታው ብዛት ዘለለ። የእኛው ልጅ ግን ወረቀቱን ጥቂት ከተመለከተ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ጉልበቱ ወደ መሬት የሚወርደው በስንት ጎማ ነው?» ሲል ጠየቀን።

ይህ ጥያቄ መልሱን ሁሉ የያዘ ነበር። እኛ ግን በተሰጠው ፍርድ ላይ ይግባኝ የተባለብን መስሎን ተቈጣን። ቍጥር እንደማይዋሽ፣ እርሱም ገና ከ9ኛ ክፍል እንዳላለፈ፣ አርፎ እንዲቀመጥም ነገርነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት እንኳ ጠቀስንበት፤ ሳንማር የጠመጠምነው እኛ እንደሆንን ያን ጊዜ አልታወቀንም። ልጁም አንድ ቃል ሳይመልስ ኳሱን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ለጎረቤቱ ልጅ ሰጠ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄው ቀረ። ሰላምታውን ይሰጠናል፤ የታዘዘውን ይሠራል፤ ራት ይበላል፤ ነገር ግን ማታ በር ላይ የሚጠብቀን የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ዕረፍት ያገኘን መሰለን። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቤቱ እንደ ተዘጋ መሥሪያ ቤት ጭር አለብን። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆኖ ቈየ።

ኋላ አንድ እሑድ የጎረቤቱ ልጅ በእጁ ስልክ ይዞ መጣ። የያዘው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቢ ቢ ሲ ቶፕ ጊር በተባለው ዝግጅቱ በ2009 ያቀረበውን ውድድር ነበር። በዚህ ውድድር እነዚሁ ሁለት አውቶሞቢሎች በአቡ ዳቢ በተዘረጋ ቀጥተኛ መንገድ ላይ ለአንድ ማይል፣ ማለት ለ1609 ሜትር ያህል ተወዳድረዋል። ማክላረንን የነዳው ፊቱን ሸፍኖ የሚታየውና ስቲግ የሚባለው ሾፌር ሲሆን፣ ቡጋቲን የነዳው ሪቻርድ ሐመንድ ነው። የእኛውን ልጅ ጠራነው፤ መጥቶ ጥግ ላይ ቆመ።

ውድድሩ ሲጀመር ማክላረን ቀደመ። እኛም ዕድሜያችንን ረስተን፣ «አላልንም!» እያልን ጮኽን። ነገር ግን ጩኸታችን ገና ከአፋችን ሳያልቅ፣ ሁለቱም በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርሱ ቡጋቲ እየቀረበ መጣና፣ ማክላረን የቆመ እስኪመስል ድረስ አልፎት ሄደ። ቀድሞ የደረሰውም እርሱ ነው።

የተረታ ዳኛ ምክንያት አያጣም። መጀመሪያ ላይ እኮ የቀደመው ማክላረን ነው፤ ስለዚህ ፍርዳችን በከፊል ትክክል ነው ማለት ጀመርን። የእኛው ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ያን ጊዜ አፉን ከፈተ። ቡጋቲ ከቆመበት በሙሉ ኃይሉ እንዲነሣ የሚያደርግ የተለየ መሣሪያ እንዳለው፣ ሐመንድም ውድድሩ እንዲያምር ብሎ ያንን መሣሪያ ሳይጠቀምበት እንደ ቀረና ይህንንም ራሱ እንደ ተናገረ፣ በዝግታና በአክብሮት አስረዳን። ስለዚህ የማክላረን መቅደም እንኳ ተቀናቃኙ የሰጠው ስጦታ ኖሮአል። ልጁ ይህን ሁሉ ሲነግረን በፊቱ ላይ የደስታ ምልክት አላየንም። ይህም ከጩኸት ይልቅ አሳፈረን።

በዚያ ሌሊት ወረቀቱን እንደገና አውጥተን ስሕተታችን የት እንደሆነ መረመርን። ማካፈሉ ትክክል ነበር። የተሳሳትነው የማካፈሉ ውጤት ብቻውን ይፈርዳል ብለን ማመናችን ነው። ሦስት ነገሮችን ዘንግተናል።

የመጀመሪያው ልጁ የጠየቀን ነው። አውቶሞቢል የሚሄደው ጎማው መሬትን ወደ ኋላ ሲገፋ ነው፤ ጎማ ደግሞ ሊገፋ የሚችለው በላዩ ያረፈው ክብደትና ከመሬቱ ጋር ያለው ሰበቃ በሚፈቅዱለት ልክ ነው። ከዚያ የተረፈው ጉልበት ጎማውን በከንቱ ያሽከረክረዋል፤ ጎማው ይጨሳል እንጂ አውቶሞቢሉ አይፈጥንም። በክረምት ጭቃ ውስጥ ተይዞ ነዳጅ በሰጠው ቍጥር እየሰመጠ የሚሄድ የጭነት መኪና ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ማክላረን ጉልበቱን የሚያወርደው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ ነው። ቡጋቲ ግን በአራቱም ነው፤ ስለዚህ እኛ እንደ ጕድለት የቈጠርንበት ክብደት በሙሉ ጎማዎቹን ከመሬት ጋር ለማያያዝ ያገለግለዋል። ከዚህ የተነሣ ቡጋቲ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው በ2.5 ሴኮንድ ነው። ማክላረን 60 ማይል፣ ይኸውም 97 ኪሎ ሜትር ያህል ለመድረስ 3.2 ሴኮንድ ይፈልጋል። የቡጋቲው ፍጥነት በየሴኮንዱ በአማካይ በ40 ኪሎ ሜትር ያድጋል ማለት ነው። ከገደል የተለቀቀ ድንጋይ እንኳ በየሴኮንዱ የሚጨምረው 35 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ፣ ሰው በሜዳ ላይ ከመውደቅ የፈጠነ ነገር መሥራቱ ያስደንቃል።

ሁለተኛው የማርሽ ነገር ነው። የማክላረን ሾፌር ስድስቱን ማርሾች የሚለውጠው ፍሪሲዮን እየረገጠ በእጁ ነው። ፍሪሲዮኑ በተረገጠ ቍጥር ሞተሩ ከጎማው ይለያያል፤ ለዚያች አፍታ 627ቱ ፈረሶች ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። ቡጋቲ ሰባት ማርሽና ሁለት ፍሪሲዮን አለው። አንደኛው ማርሽ ሥራ ላይ ሳለ ተከታዩ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው ወዲያው ይቀበላል። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ለውጥ ከሴኮንድ ጥቂት ክፍልፋይ አይበልጥም፤ ነገር ግን በሴኮንድ ክፍልፋይ በሚለካ ውድድር ይህ ብዙ ነው።

ሦስተኛው አየር ነው። በዝግታ ስንሄድ አየር የሌለ ይመስለናል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን የአየር ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያንን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበትም ስምንት እጥፍ ነው። አየር ደግሞ የሚመለከተው የአውቶሞቢሉን ቅርጽና ስፋት እንጂ ክብደቱን አይደለም። ስለዚህ ፍጥነቱ እያደገ በሄደ መጠን ክብደትን ለጉልበት የማካፈል ሒሳብ ዋጋው ይቀንሳል፤ የጠቅላላው ጉልበት ብዛት ይገናል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ 1001 ፈረስ 627 ፈረስን ጥሎ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የአየርን ኃይል ለመረዳት ይህንም ማየት ይበቃል፤ ማክላረን በ1998 በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ሮጧል። ቡጋቲ 374 ፈረስ ጨምሮ ከዚያ ያለፈው በ22 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ይህን ስንጽፍ ማክላረንን ለማሳነስ አይደለም። ቡጋቲ የመጣው ከእርሱ 13 ዓመት ዘግይቶ ነው። ማክላረን ያለ ቱርቦና ያለ አራት ጎማ ጉልበት ያን ያህል መሮጡ፣ ለውድድር የተዘጋጀውም ዓይነት በ1995 የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ማሸነፉ በታሪክ ተጽፎአል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንደሚባለው፣ ቀጥተኛው መንገድ የሚመሰክረው ስለ ቀጥተኛው መንገድ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ስለ መሬይ ያነበብነው ነው። ቡጋቲ ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ ባለ 1000 ፈረስ ከባድ አውቶሞቢል መሥራት ትርጕም የለሽ ድካም ነው ሲል የነቀፈ እርሱ ነበር። ኋላ ግን አውቶሞቢሉን ራሱ ነድቶ ከመረመረው በኋላ፣ የምሕንድስናውን ሥራ ታላቅ ክንውን መሆኑን በመጽሔት ጽፎ አመሰገነ። ክብደትን እንደ ጠላት ሲቈጥር የኖረ ሰው፣ በገዛ ሥራው ተቀናቃኝ ላይ በዓለም ፊት የተናገረውን ቃል በዓለም ፊት አሻሻለ። እኛ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ የ15 ዓመት ልጅ ፊት የተናገርነውን ለማሻሻል ሌሊቱን ሙሉ ስንገላበጥ አደርን።

በማግሥቱ ማታ ራት ላይ ፍርዱ ስሕተት እንደ ነበረ፣ ከስሕተቱም የሚብሰው ጥያቄውን ማፈናችን መሆኑን ነገርነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ እንጀራውን መቍረስ ቀጠለ። ከጥቂት ዝምታ በኋላ፣ «ኳሱን እኮ መልሶልኛል» አለን። የጎረቤቱ ልጅ ፊልሙን ወደ እኛ ከማምጣቱ በፊት ብቻውን አይቶት ኖሮአል፤ ያን ዕለትም ኳሱን መልሶ፣ ወደ ፊት እንደ ቀድሞው የሁለታቸው እንዲሆን ተስማምተዋል። ልጆቹ ጉዳያቸውን ከዳኛው ቀድመው በእውነት ጨርሰውት ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞችን የሥራ ውጤት በቍጥር እያጠቃለልን ለአለቆች ማቅረብ አንዱ ተግባራችን ነው። በዚያው ሳምንት ለአንድ የሥራ ቦታ የተወዳደሩ የሁለት ሰዎች ወረቀት በጠረጴዛችን ላይ ነበረ። የተጻፉትን ጉዳዮች ብዛት ለወራቱ አካፍለን አንደኛው ይበልጣል ብለን አጠቃልለን ነበር። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ስናየው የልጁ ጥያቄ በጆሯችን ደወለ። ሁለተኛው ሰው የሚሠራው ሌሎች ያልቻሉትን፣ ብዙ መዝገብ ማገላበጥ የሚጠይቀውን የቆየ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ቍጥሩን አልለወጥንም፤ ነገር ግን ከቍጥሩ ሥር ሥራው ምን ዓይነት እንደሆነ ጽፈን አቀረብን። አለቃችንም ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ፈቀዱ። ማን እንደሚመረጥ የእነርሱ ፋንታ ነው፤ የእኛ ፋንታ የጎማውን ቍጥር ሳንጠይቅ እንዳንፈርድ መጠንቀቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ቈይቶ፣ ማታ ከሥራ ስንመለስ ልጁ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። በእጁ ወረቀት ይዟል። በክሮኤሽያ የሚሠራ ሪማክ ኔቬራ የተባለ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እንዳለ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ የተለየ ሞተር እንደተሠራለት፣ ባንድነትም 1914 የፈረስ ጉልበት እንዳለው፣ ክብደቱም ከባትሪው ጋር 2300 ኪሎ ያህል እንደሆነ ነገረን። «ጋሼ፣ ከቡጋቲ ጋር ቢነሣስ?» አለ።

እጃችን ወደ እርሳሱ ሄደ። ከዚያም እርሳሱን ለእርሱ ሰጠነውና፣ ጫማችንን ሳናወልቅ አጠገቡ ተቀመጥን፤ በመጀመሪያ ምን ምን መጠየቅ እንደሚገባን እርሱ እንዲነግረን ለመንነው።